የገመዱ ሥራ

ሥራዬ ገመድ መሳብ ነበር።
አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ቫልዲቪያ፣ ካዬ ካዬ ወንዝ ዳር፤
የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ ሲያድር፣
አጎቴ ኤቫሪስቶ አሻንጉሊት የማይላትን
ክንድ የምታህል የጭነት መኪና
ጠረጴዛው ላይ ያቆማታል፣ ጋዜጣ አንጥፎ እንደገና፤
ጭስ ማውጫዋን በጣቱ ይደፍናል፣ ካንዴላዋን ያግላል፣
«ሚሬያ!» ይላል።
ከዚያ ወዲያ ያለው የክንዴ ፋንታ ነው።

ሳቢ፤ ልቀቂ። ሳቢ፤ ልቀቂ።
ሃያ ጊዜ ዝም። ሠላሳ ጊዜ ዝም። አንዴ ሳል።
ከዚያ በዓሣ ገበያው ለአንጀት እንደሚጣሉት የባሕር አንበሶች
ጉሮሮዋ ይከፈታል፤
ቤቱን የጉሎ ዘይትና የናይትሮ ጭስ ይሞላዋል።
አክስቴ ኤልሲራ መስኮት ትከፍታለች፣ ትራገማለች፤
እኔ መዳፌን አያለሁ፤ ቀልቷል። ደስ ይለኛል።

ባለፈው ውድድር ግን ገመዱ ተበጠሰ፤
ጫፉ እንደ ፈራ እንሽላሊት ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤
ዶን ኦሬስቴስ ሦስት ዙር ሲቀድመን እጀታውን ይዤ ቀረሁ።
አጎቴ አላየኝም። እኔ ግን አየሁ።

ማክሰኞ ማታ ካቻቢቴ አነሣ።
አራት ብሎን። የኋላ ክዳኗ ሲላቀቅ ሞላው ዘሎ
ግንባሩን ገረፈው፤ ዝም አለ ችሎ።
ወደ አንድ ወገን ብቻ የምትዞረውን ኩሽኔታ አወጣት፣
«እንደኔ ግትር» አላትና በነዳጅ አጠባት።
በቦታው ሌላ ክዳን ገባ፤ ዙሪያው በጎሚኒ የታሰረ፣
ቀዳዳ የሌለው፣ አፍ የሌለው፣ ከኔ ጋር ያልተነጋገረ።

የተፈታውን ሁሉ በአክስቴ የዱቄት ሚዛን ላይ አኖረ፦
ሃምሳ ሁለት ግራም።
«ከዚህ ሸክም ተገላገለች» አለ።
የኔ ቦታ ሃምሳ ሁለት ግራም ነበረ።

ሻንሲዋን ደግሞ ከሥር፣ በቮላኖው ትክክል፣
ሦስቴ ለክቶ በትራፓኖ በሳ፤ በሞረድ ሞረደ እስኪነጋ፤
የአሉሚኒየም ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንደ አመዳይ ረጋ።
ከፖም ሳጥን፣ ከወንድሙ አሮጌ ሞተርሳይክል ባትሪ፣
ከሌላ ሙት ትራፓኖ በተረፈ ሞተር
የምታስነሣውን ሣጥን ሠራ፤
አናቷ ላይ የምትሽከረከር አንዲት ትንሽ ጎማ።
መኪናዋን ጫን ሲያደርጋት ጎማዋ ቮላኖውን ነካች፤
አንድ ትንፋሽ፣ ተነሣች።
አንድ!
እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ፓያኮ፣ እሑድ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ሾፌሮቹ ሪሞታቸውን ይዘው ከማማው ላይ ቆመዋል።
በስምንተኛው ደቂቃ፣ ከሩቁ ጥግ፣
ዘለለች፤ ተገለበጠች፤ ጸጥ አለች።
አጎቴ ከማማው መውረድ አይችልም፤ ሮጥኩ።
ትኩስ ራሷ ክንዴን ለበለበው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።
ሣጥኑ ላይ ጫንኳት። ጎማዋ አቃሰተች። ቆመች።
«ጫኚያት!» ይላል ከላይ። «በርትተሽ ጫኚያት!»

እኔ ግን ያን ክብደት አውቀዋለሁ፤
በክርኔ፣ በትከሻዬ፣ በስንት ሌሊት ተምሬዋለሁ፦
ገመድ እንዲህ ሲከብድ ሞተሩ ነዳጅ ጠጥቶ ሰምጧል፤
ፈሳሽ አይጨመቅም፤
ካስገደዱት የፒስተኑ ክንድ ይጎብጣል።
አልሰማሁትም።
ካንዴላዋን ፈታሁ፣ ዘቅዝቄ ያዝኳት፣
የተጋተችውን ሁሉ ጭቃው ላይ አስተፋኋት፤
አጥብቄ መለስኩ። ጫን።
አንድ ትንፋሽ።

ዘጠነኛ ወጣን፤ ከአሥራ አንድ።

ስንመለስ፣ የፒክአፑ ዝናብ መጥረጊያ እየተንቋቋ፣
ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ነዳና
«በምን አወቅሽ?» አለ።
«ከበደች» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ። ሬዲዮ ከፈተ።

ገመዱን አልጣልኩትም። አልዘጋ ያለውን የወጥ ቤት መስኮት
አስሬበታለሁ፤ ሌሊት ከወንዙ ነፋስ ሲነሣ
ይስባል፤ ይለቃል። ይስባል፤ ይለቃል።
አንዳንዴ፣ ገና እንቅልፍ ሳይወስደኝ፣ አዳምጣለሁ፣
የሚያስል እንዳለ።